መነሻው ከየት ነው?

የወጣን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ የልጄን የሐያትን ጸጉር ሹሩባ ትሠራ ነበር። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ በራችን ላይ የቆመው ባጃጅ ጡሩንባውን ያስጮኻል፣ እሷ ግን ጥድፊያ አታውቅም።

«አቦ ይጠብቃ! ልጅቷ ተንጨባርራ ፈረንጅ አገር አትገባም።»

ሐያት የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱ እምቢ ሲል የድሬ ሐኪማችን፣ «መነሻው አንጎሏ ውስጥ የት እንደሆነ ከታወቀ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ መፈለጊያው ግን እዚህ የለም» አለን። እንዲህ ነው የሕክምና ቪዛ ለምነን ጀርመን የገባነው።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስልክ አመጣልን። የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ አንቱታው አያልቅም። እኛ ድሬዎች እንደምታውቁት ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው።

«መነሻው ከየት ነው ይላሉ ዶክተሩ።»

«ከድሬዳዋ ነዋ! በሌሊት አውቶቡስ ጅቡቲ፣ ከዚያ በአይሮፕላን…»

«የበሽታው፣ እመቤቴ! የበሽታው!»

ዶክተሩ ሳይገባው አብሮን ሳቀ። ያቺ የመጨረሻዋ ሳቃችን ናት።

የአንጎሏን ኤሌክትሪክ የሚቀዳው ሽቦ የበዛበት ኮፍያ ቆዳዋን መንካት ስላለበት፣ ሹሩባው ይፈታ ተባለ። «አያቴ የሠራችኝን አትንኩ!» ብላ አለቀሰች። እኔው ፈታሁት።

ውጤቱን ሲነግሩን፣ «ሞገዱ ከላይ ይታያል፤ ከውስጥ ያስነሳውን ቦታ ግን መለየት አልቻልንም። ሁለት ሦስት ቦታ ያጠራጥራል። እርግጠኛ ሳንሆን አንቆርጥም» አሉ። ገንደ ቆሬ ከግንብ ማዶ ለቅሶ ከተሰማ የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን። ይኼ ሁሉ ማሽን የአንዲት ሕፃን ጭንቅላት ውስጥ የሚጮኸውን ቤት አጣው።

እንደገና ቀዱ፣ እንደገና አጡት። በዚህ መሀል ቪዛው አለቀና ጥገኝነት ጠየቅን። ሐያትም እንደ ድሮዋ ይነሳባታል፤ እኔም ከጎኗ ተንበርክኬ እስኪለቃት እጠብቃለሁ። ድሬም እኮ የማደርገው ይኼንኑ ነበር።

ትናንት እናቴ በቪዲዮ ደወለች።

«አገኙት?»

«እየፈለጉ ነው እማዬ።»

«በቃ ወደተነሳችበት መልሻት። ጸጉሯንስ ማን ሠራት?»

ወረቀታችን እስኪወጣ ከዚህ ንቅንቅ ማለት አንችልም። ይኼን ልነግራት አፌን ስከፍት ሐያት ስልኩን ነጠቀችኝ፤ ግድግዳው ላይ አስደግፋው ቁጭ አለችና፣ እንድትሠራት ጭንቅላቷን ወደ አያቷ ደፋች።