ትሑቱ ትከሻ

ሰውየው ከዘበኛው ጀምሮ ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ የጨበጠው ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ነው። ነርሷ ሐዳሳ አክብሮቱ ልቧን ነክቷት ተራ አስቀደመችለት። ኮቱን ስታወልቅለት ግን ገባት፤ ለካ ትከሻው ደርቆ ኖሯል፣ ክንዱ ካልተደገፈ አይነሳም።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ዶክተር መገጣጠሚያው ላይ መርፌ ሲወጉዎት ቀስ እያለ ይለቅዎታል» አለችው።

«ጨርሶ ይለቀኛል እንዴ?» አለ ደንገጥ ብሎ። «ሐይቅ ዳር ሰፈራችን ሃያ ዓመት ሙሉ ትዕቢተኛ ስባል ኖርኩ። ይሄ ከያዘኝ ወዲህ ግን፣ ልጄ፣ ጨዋ ተብዬ የዕድር ዳኛ ሆኛለሁ።»

ተወግቶ ሲወጣ ሕመሙ ጋብ ብሎለት ክንዱን ያወዛውዝ ነበር። በር ላይ ዘበኛው እጁን ሲዘረጋለት ግን ቶሎ ብሎ ቀኙን በግራው ደገፈና፣ ለጥንቃቄ ያህል፣ ከወገቡም ጎንበስ አለ።