ሁለተኛው ካርድ

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፈቲያ የምትባል ልጅ ሱቄ መጣች። እዚህ ጭሮ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለችው ሱቄ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ፈቲያ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሙስሊም ሰርግ ላይ የሴቶቹን ወገን ፎቶ ታነሳለች። ስልኳን አውጥታ የአንድ ካሜራ ምስል አሳየችኝ። ፉል ፍሬም የሚባለው፣ በደብዛዛ ብርሃን እንኳ አጥርቶ የሚያነሳው ትልቁ ዓይነት ነው። አዲስ አይደለም፤ ተፈታትቶ፣ ተጠግኖና ተፈትሾ እንደገና ለገበያ የወጣ፣ ነጋዴዎቹ “ሪፈርቢሽድ” የሚሉት ዓይነት ነው።

“እትዬ ሰናይት፣ አንቺም ድሮ እንዲህ ያለ ነበረሽ አሉ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?” አለችኝ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቅኳት፤ ስንት ፎቶ እንዳነሳ፣ ሹተሩ፣ ሲያነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃው፣ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ሻጩ ስንት ወር ዋስትና እንደሚሰጥ። እሷ ስትመልስ እኔ አልሰማኋትም። ውጭ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ቁልቁል ወረደ። እኔ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በነበረ አንድ ጥር ውስጥ ነበርኩ።

እኔና ሐያት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እናቴ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። አማርኛዬ የእናቴ፣ ኦሮምኛዬ የሐያት ነው ማለት እችላለሁ። ትምህርት ጨርሰን ሁለታችንም ሥራ አጥተን ተቀመጥን። እኔ ከአንድ ፎቶ ቤት የለመድኩት ሙያና አንድ አሮጌ ካሜራ ነበረኝ። ሐያት ደግሞ ሰው ነበራት። ከሂርና እስከ በዴሳ፣ ከመሰላ እስከ ገለምሶ ዘመድ የሌላት መንደር አልነበረም።

“ሴቶቹ ጋ ወንድ ገብቶ ፎቶ ማንሳት አይችልም። እኛ ግን እንችላለን” ያለችው እሷ ናት።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ሴቶቹ የሚሰበሰቡበት ክፍል መጋረጃው ይዘጋል፣ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ከዚያ ሂጃቡ ይወልቃል፣ ጸጉር ይፈታል፣ ከሰል የመሰለ ረጅም ሹሩባ ወገብ ላይ ይወርዳል። ከበሮው ይመታል። በመንገድ ላይ ቀና ብላ የማታይ ሴት እዚያ ውስጥ መሐል ገብታ ስትጨፍር አይቻለሁ። ከወተትና ከቡና ገለባ የተፈላ ሆጃ በየብርጭቆው ይዞራል፤ የሐረር ሐልዋ ይታደላል። ሐልዋው ጣቴ ላይ እየተጣበቀ፣ ካሜራውን ከመያዜ በፊት በቀሚሴ እጠርገው ነበር።

ያ ሁሉ የሚሆነው በሐያት ቃል ነው። በየቤቱ ደጃፍ እናቶቹን ታቆምና “ፎቶው ከእኔ እጅ አይወጣም፣ ወላሂ” ትላቸዋለች። እነሱም ያምኗታል። እኔን አያውቁኝም፤ ክርስቲያን ነኝ፤ ለእነሱ የሰው አገር ልጅ ነኝ። የገባሁት በእሷ ስም ነው።

ችግራችን ካሜራው ነበር። መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል አሮጌው ካሜራዬ ምንም አያይም። ፍላሽ ሳበራ ደግሞ የሴቶቹ ፊት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ “ወፍጮ ቤት የዋልኩ አስመሰልሽኝ” ያለችኝ ሙሽራ ነበረች። በዚያው ሰሞን ከዱባይ ካሜራ የሚያመጣ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ የታደሰ ፉል ፍሬም እንዳለው ሰማሁ። በደብዛዛ ብርሃን ያለ ፍላሽ ያነሳል። ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

ለሐያት የነገርኳት ከመሰላ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ማሽላው ታጭዷል፤ አገዳው ታስሮ በየማሳው ቆሟል፤ አቧራው በመስኮት እየገባ ጥርሳችን መሐል ይንቀጫቀጫል።

“ለምን አዲስ አንገዛም?” አለችኝ።

“አዲስ ፉል ፍሬም እኛ የምንችለው አይደለም። በዚሁ ብር አዲስ እንግዛ ካልን ያው አሁን እንዳለችኝ ያለች ትንሿን ነው የምናገኘው።”

“እሺ፣ የታደሰው ቢበላሽስ? እዚህ ማን ይጠግነዋል?”

“አዲስ አበባ እንልከዋለን።”

“አዲስ አበባ ላክነው ማለት ወንድ እጅ ገባ ማለት ነው፣ ሰናይት።”

“ፎቶው ያለበትን ካርድ አውጥተን ነዋ የምንልከው። ባዶ ካሜራ ምን ያወራል?”

ሐያት አንድ ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቅኳት። እውነቱን ለመናገር ለሥራው ብቻ ብዬ አልነበረም። ያን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። በመጨረሻ ሐያት እናቷ የሰጠቻትን የወርቅ አምባር ሸጠች፤ እኔም ያለኝን ጨመርኩ፤ ገዛነው።

ለጥቂት ወራት ደስታችን ልክ አልነበረውም። ካሜራው ከባድ ነበር፤ ሲያነሳ ድምፁ ጠንከር ያለ፣ የሚያስተማምን ነበር። በዚያ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የሙሽራዋ ሂና አንድ በአንድ ይታያል፤ ላቧ እንኳ ያበራል። እናቶቹ አልበሙን ሲገልጡ እልል ይሉ ነበር። ካሜራው ሁለት ካርድ ይጎርሳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ብዬ ፎቶዎቹ በሁለቱም ላይ እንዲቀመጡ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሐያት ካሜራውን አትነካም። የእሷ ሥራ ካርዶቹን ከእኔ ተቀብላ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥና አልበሙ ለባለቤቶቹ ሲሰጥ ሁሉንም መደምሰስ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሰላ ውስጥ ረውዳ የምትባል ልጅ አገባች። ዝግጅቱ ሊያበቃ ሲል የካሜራው ሹተር ተጣበቀና እምቢ አለ። በማግስቱ ጠዋት ሐያት አክስቷ ሞተውባት ወደ ገለምሶ ለቅሶ ትሄድ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋትና ካሜራውን ከፍቼ ካርድ ነቅዬ ሰጠኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሂርና ሌላ ሰርግ ስለነበረን ቸኩያለሁ። ካሜራውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩና ለአዲስ አበባ ሚኒባስ ሾፌር ከአንድ ካሜራ ጠጋኝ ስልክ ቁጥር ጋር ሰጠሁት።

ነቅዬ የሰጠኋት አንዱን ካርድ ነበር። ሁለተኛውን እዚያው ትቼ ክዳኑን ገጥሜዋለሁ። ትዝም አላለኝ።

ማን እንዳገኘው፣ ማን እንደገለበጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ካሜራው ተጠግኖ ከመመለሱ በፊት ፎቶዎቹ ተመለሱ። ጫት አራግፈው በሚመጡት ሾፌሮች ስልክ ነው የመጡት። ያኔ በብሉቱዝ ነበር የሚተላለፈው። የረውዳ ወንድም ጫት ተራ ቆሞ ሳለ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ሲስቁ አየና ጠጋ አለ። ስልኩ ውስጥ ያገኛት እህቱን ነበር፤ ጸጉሯን ፈታ ስትጨፍር።

ሰው በሐያት አጎት በሐጂ ዩሱፍ ቤት ተሰበሰበ። የረውዳ አባት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሐያት፣ እኔና እናቴ። ሐጂ፣ እናቴ እንዲገባት ብለው፣ በአማርኛ ተናገሩ። አልጮሁም። የቀረበው ሻይ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝ ነበር።

“ልጄ ሰናይት፣ ካርዱ ሁለት ነው አሉ። የት ገባ?” አሉኝ።

“አውጥቼ ለሐያት ሰጥቻታለሁ።”

“ሁለቱንም?”

“አዎ፣ ሁለቱንም።”

ሐያት ቀና አለች። “አንድ ነው የሰጠችኝ” አለች።

ሐጂ ወደ እሷ ዞሩ። “ይቺ ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች? ደግሞስ ምለሽ የገባሽው አንቺ ነሽ። አደራው ያንቺ ነበር።”

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ነገሩ የክርስቲያንና የሙስሊም ጠብ ይሆናል፤ ሐያት ግን ልጃቸው ናት፣ ተቆጥተው ይተዋታል ብዬ ነበር። እናቴ አገር የላትም፣ ዘመድ የላትም ብዬ ነበር። ሁሉም ውሸት ነው። የረውዳን አባት ፊት አየሁና ለራሴ ፈራሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ስንወጣ ሐያት የግቢው ቁልቋል አጥር አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። እናቴ ቀድማን ሄደች።

“ካሜራው ውስጥ ረስተሽው ነው፣ አይደል?” አለችኝ።

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

“ታዲያ ረሳሁት አትያቸውም? ሰው ይረሳል። ተቆጥተው ይተዉን ነበር። አሁን እኮ ‘ሸጠችው’ ነው የሚሉኝ።”

“ተመልሼ ልንገራቸው?” አልኳት።

“ተመለሺ” አለችኝ።

በሩ ከእኛ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል። ሐያት ቆማ ታየኛለች።  እኔ አልተንቀሳቀስኩም። በመጨረሻ ሻርፗን አስተካከለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

ረውዳ የእጇ ሂና ሳይለቅ ተፈትታ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሐያትን በየሰርጉ ቤት በር ላይ ይመልሷት ጀመር፤ ኋላም በእንግድነት እንኳ የሚጠራት ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ ድሬዳዋ ሄደች፤ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ተሻገረች ሲሉ ሰማሁ። ካሜራው ተጠግኖ መጣ። ግማሹ የሐያት አምባር ነውና ድርሻዋን ልመልስላት ሰው ላክሁባት፤ አልተቀበለችም። ሸጥኩት። በገንዘቡም ይህን ሱቅ ከፈትኩ።

“እትዬ፣ ታዲያ ምን ትያለሽ?” አለች ፈቲያ።

ሹተሩ የተቀየረ ከሆነና ዋስትና ካለው ግዢው አልኳት። ልትወጣ ተነሳችና “ሰዉ ብቻ ያስቸግረኛል” አለችኝ። “እናቶቹ በር ላይ አቁመው ያስምሉኛል። ድሮ ሐያት የምትባል አንዲት ሴት ፎቶ ሸጣባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ማንንም አያምኑም።”

“አልሸጠችም” አልኳት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ለአሥራ ሁለት ዓመት ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉንም ነገርኳት። ያዘነችልኝ አልመሰለኝም። ስጨርስ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

“ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?” አለችኝ። “ሐጂ ዩሱፍ እኮ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደከመ እንጂ ደህና ናቸው። የረውዳ አባትም አሉ።”

ካሜራውን ትግዛው፣ አትግዛው አላውቅም፤ ተመልሳ አልመጣችም። ወጣት ሳለሁ የፈሪነቴ ምክንያት ወጣትነቴ ይመስለኝ ነበር። አሁን አርባ ልደፍን ነው፤ እናቴ ሞታለች፤ ማንም ምንም አያደርገኝም። ይህንንም ለማያውቁኝ ሰዎች መጻፍ አላቃተኝም። የሐጂ ዩሱፍ ቤት ከሱቄ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። ዛሬም አልሄድኩም።