ጡሩምባና የመቀርቀሪያው ሽኝት

ባለቤቴ ኳስ ይወዳል ሲሉኝ እስቃለሁ። ኳስ የሚወድ ሰው ኳስ ያያል። የኔው ሰውዬ ሳምንቱን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም፤ እሁድ ስታዲየም ሲገባ ግን የአጥሩ ብረት ላይ ይወጣና ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለሰው ይሰጣል። አስጨፋሪ ነው። ዘፈኑን እሱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። እጁን ሲያነሳ ከጎሉ ጀርባ ያለው ደጋፊ ሁሉ ብድግ ይላል፣ ሲያወርድ ቁጭ ይላል። እኔ እቤት ድስት አውርድ ብለው እንኳ አይሰማኝም፣ ያ ሁሉ ሰው ግን በአንድ እጁ ይታዘዛል።

በድምፁ የተነሳ ጡሩምባ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የማያውቁ ደጋፊዎች ብዙ ናቸው። እኔም ስናደድበት ጡሩምባ ነው የምለው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጡሩምባ ነው።

ጨዋታውን የሚያነበው ከሰው ፊት ላይ ነው። ግንባራቸው ከተቋጠረ ኳሷ ወደ እኛ ጎል እየመጣች ነው፤ አንገታቸውን ካሰገጉ የእኛ አጥቂ እየሄደ ነው፤ እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ከወጣ ለጥቂት ስታለች። እንደዚህ እያለ ነው ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጎል ሳያይ የኖረው።

"አንዴ እንኳ ዞር ብለህ ብታይ ምን ትሆናለህ?" እለዋለሁ።

"አስጨፋሪ ከዞረ ተመልካች ሆነ ማለት ነው። ተመልካች ደግሞ ሲደነግጥ ዝም ይላል። እኔ ዝም ካልኩ ሁሉም ዝም ይላል።"

ክርክራችን ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። ሞግቼዋለሁ፣ አሸንፌው ግን አላውቅም።

መቀርቀሪያው የቡድናችን ተከላካይ ነበር። ስሙ ከሥራው ነው የመጣው፤ እሱ ካለ በሩ አይከፈትም ይባል ነበር። ገና ጢሙ ሳይበቅል ወደ ቡድኑ ሲመጣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። ደህና ገንዘብ ሲያገኝ ቤት ተከራይቶ እናቱን አመጣ፣ እሁድ ማታ ግን ከገበታችን አይቀርም ነበር። ባለቤቴን ጋሼ ነው የሚለው። ባለቤቴ ደግሞ ስለ እሱ ሲያወራ የወለደው ነው የሚመስለው፣ አንድም ቀን ሲጫወት ሳያየው።

ይኸው ልጅ ነው ከወንዝ ማዶ ላለው ቡድን የፈረመው። ሌላ የትም ቢሄድ ሰው አልቅሶ ይሸኘው ነበር። የማዶዎቹ ግን ባላንጣዎቻችን ናቸው፤ ወንድምና ወንድም የሚኮራረፍባቸው ናቸው። ወሬው እንደተሰማ ከተማው ተናደደ።

ንዴቱ ምን ያህል እንደሆነ የሰማሁት ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ፀጉሯን ልታደርቅ ካስክ ሥር ተቀምጣለች። ካስክ ሥር ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሚስጥሩን ሁሉ ለሠፈሩ ነው የሚያወራው።

"እሁድ ከማዶዎቹ ጋር የመጨረሻው ጨዋታው አይደል?" ብላ ጮኸች። "ወንድሜና ጓደኞቹ ጉድ ሊያደርጉት ነው! እናቱን ሳይቀር ነው የሚሰድቡለት!"

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ከፊቴ ወንበር ላይ ፀጉራቸውን እያበጠርኩላቸው የነበሩት የመቀርቀሪያው እናት ናቸው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"እናቱ እኮ እኔው ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን አሉ?" አለች ያቺ ከካስኩ ሥር።

"ምንም አላሉ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ድረቂ" አልኳት።

እትዬ ነው የምላቸው፤ ስታዲየም ገብተው አያውቁም። ጨዋታውን የሚከታተሉት በሬዲዮ ነበር፣ እሱንም ጩኸቱ ሲበረታ ይዘጉታል። ፀጉራቸውን ሊሠሩ የመጡትም እሁድ ሊሄዱ አስበው ነው።

"ሲሸኙት ልይ ብዬ ነበር ልጄ። ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቶላቸው እንዴት አድርገው እንደሚሸኙት አንድ ቀን በዓይኔ ልይ ብዬ። የሚሰድቡኝ ከሆነ ግን ልቅር። ስድቡን እኔ እችለዋለሁ፣ እሱ ፊት ግን አልችለውም። ባለቤትሽን ጠይቂልኝ።"

ማታ ነገርኩት። ጉርሻው አፉ ሳይደርስ እጁ ቆመ።

"ይምጡ በያቸው። ስማቸው አይነሳም። ቃሌ ነው።"

"የስንቱን ሰው አፍ ይዘህ ነው ቃል የምትገባው?" አልኩት። ይህ ሰው ቃል ሲገባ አያስብም፣ ከገባ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ አይተኛም። እንደፈራሁትም ያን ሳምንት እህል አልወርድ አለው። ፌርማታ እየዘለለ ተሳፋሪ ጮኸበት። ከሥራ ሲወጣ ደጋፊዎቹን በየቤታቸው፣ በየሱቃቸው እየዞረ ለመናቸው። ከሁሉ የከበደው የላይኛው ረድፍ ደጋፊ ነበር። እዚያ የሚሰማው ሰው አንድ ነው፣ ባለ ሉካንዳው። እሱ ከተሳደበ ሁሉም ይሳደባል። ከሱ ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

"ተስማማ" አለኝ። "ግን..."

"ግን ምን?"

"ካላጠፋ አንነካውም ነው ያለው።"

"ተከላካይ እንዴት ነው ሳያጠፋ የሚወጣው?"

"ይወጣል" አለኝ። ድምፁ ግን የጡሩምባ አልነበረም፣ የትንኝ ነበር።

አሰልጣኙም በጎ ሰው ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መቀርቀሪያውን ቀይሮ ሊያስወጣው ተስማማ። ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ ሲወጣ ሕዝቡ በዘፈን ይሸኘዋል። ዘፈኑን ባለቤቴ የአውቶቡሱ መሪ ላይ ሆኖ ነው የገጠመው፦

በሩን ዘግተህ ያሳደርከን፣
መንገድህ ይቅና ወንድማችን።

"ቅያሬውንስ በምን ታውቃለህ?" አልኩት። "የላይኞቹን ፊት አይተህ ነው?"

"እሁድ የእነሱን ፊት አላምነውም። እትዬን ከፊት ለፊቴ አስቀምጪያቸው፤ ዓይኔን ከሳቸው አልነቅልም። የቅያሬው ሰሌዳ ሲነሳ ክንዳቸውን ይዘሽ አስነሺያቸው። እሳቸው ሲነሱ እኔ አወጣለሁ።"

ጥሩ ዘዴ መሰለኝ። ያኔ ምንም እንከን አልታየኝም።

እሁድ እትዬን ይዤ ከፊት ተቀመጥን። ቀሚሳቸው ተተኩሷል።

"የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?"

"ሰማያዊ የለበሱት።"

"እሱስ?"

"ያውልዎት፣ ከኋላ የቆመው።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ጨዋታው የማስታውሰው ጥቂት ነው። ኳሷ ወደ ልጁ በሄደች ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ፣ ሲመታት እተነፍሳለሁ። የላይኛው ረድፍ ዝም ብሏል። እነዚያ ሰዎች ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር እስኪያጠፋ ነው የሚጠብቁት። ባለቤቴ ብረቱ ላይ ሆኖ የተለመደውን ዘፈን በከበሮ ያስዘፍናል፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኑ ግን እትዬ ላይ ተተክሏል። እሳቸው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ እንኳ ይደነግጣል።

ከእረፍት በኋላም ልጁ አላጠፋም። ሊያልቅ ሲል ተቀያሪው ቱታውን ሲያወልቅ አየሁና እጄን እትዬ ክንድ ላይ አደረግሁ።

"ደረሰ እንግዲህ" አልኳቸው። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያኔ ነው አንድ ረጅም ኳስ የመጣው። የማዶዎቹ አጥቂ ሮጠ፣ መቀርቀሪያው ተንሸራቶ ኳሷን ሊነጥቀው እግሩን ዘረጋ። ኳሷን ሳታት፤ ሰውየውን መታው። ሁለቱም ጎሉ አጠገብ ወደቁ። ዳኛው ነፋና የፍፁም ቅጣት ምቷን ነጥብ አመለከተ። ሪጎሬ!

እትዬ ሪጎሬ ምን እንደሆነ አያውቁም። ያዩት ልጃቸው ወድቆ አለመነሳቱን ነው። ክንዳቸውን ከእጄ መንጭቀው ተነሡ፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንባቸው ወረደ። ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

"ይቀመጡ እትዬ! አይደለም! ይቀመጡ!"

ባለቤቴ እጁን አነሳ።

"አይደለም! አንተ ሰውዬ፣ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። ከበሮው እየተመታ ማን ይስማኝ? ከበሮ መቺው ደግሞ የሚያየው የባለቤቴን እጅ ብቻ ነው።

አወጣው። በሩን ዘግተህ ያሳደርከን! ለአፍታ የሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ የላይኛው ረድፍ በሳቅ ፈነዳ፣ ሳቁን ሳይጨርሱም ዘፈኑን ተቀበሉት። እንደዚያ አድርገው የተቀበሉት ዘፈን የለም። በሩን አሁን ለከፈተው ሰው በሩን ዘግተህ ያሳደርከን እያሉ፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ወደ መውጫው እያራገቡ ይዘፍናሉ። ታችኞቹም ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ግራ ገብቶት አብሮ ዘፈነ።

ባለቤቴ ግን ሕዝቡ ልጁን ይቅር ያለው መሰለው። ፊቱ በራ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ጨምሩ ይላቸዋል። በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ፤ ያን ደስታውን እንደማየት ግን አንጀቴን የበላው ነገር የለም።

"ምን እያሉት ነው?" አሉኝ እትዬ። በጩኸቱ ውስጥ ቃሉ አይለይም።

ምን ልበላቸው? ፊታቸውን አየሁ፣ አፌም ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

"እያጽናኑት ነው እትዬ። አይዞህ፣ ብትወድቅም ወንድማችን ነህ እያሉት ነው።"

"ጥፋት አጥፍቶ?"

"ጥፋት አጥፍቶ።"

ወደ ላይኛው ረድፍ ዞሩ። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው መረቋቸው፣ ዝቅ ብለውም እጅ ነሧቸው። የባለ ሉካንዳው እጅ እንደተራገበ አየር ላይ ቀረ። ሌሎቹ ግን መዝፈናቸውን አላቆሙም።

መቀርቀሪያው ተነሥቶ ወደ እኛ አየ። ሪጎሬው ተመታ፣ ገባ። የማዶዎቹ ጩኸት ከጀርባው ሲመጣ ለባለቤቴ ነገሩ ገባው። እጁ ወረደ፣ ዘፈኑም ተቆረጠ። እኔን አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁለት። የቅያሬው ሰሌዳ የተነሳው ይሄኔ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሜዳውን አቋረጠ። ያንኑ ዘፈን ደግሞ ማን አፉን ከፍቶ ያወጣዋል? ያጨበጨብነው እትዬና እኔ፣ ከወዲያ ወዲህም ጥቂት ሰዎች ነን።

ከጨዋታው በኋላ ተጫዋቾች በሚወጡበት በር ቆመን ጠበቅነው። ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

"እኔ ደግሞ ይሰድቡኛል ሲሉኝ ፈርቼ ነበር! አንተ ስትወድቅ ዘፈኑልህ እኮ ልጄ! እንዲህ ያለ ሕዝብ ጥለህ ነው የምትሄደው?"

ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ባለቤቴን አየው።

"አዎ እማዬ፣ ሰምቻለሁ።"

"አመስግነዋ ታዲያ!"

እጁን ዘረጋለት። "አመሰግናለሁ ጋሼ።"

ባለቤቴ እጁን ይዞ ቀረ። እኔ እትዬን ደግፌ ታክሲው ውስጥ አስገባሁ፣ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነበር።

"ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቅያሬ መስሎኝ..."

"አውቃለሁ ጋሼ። አንተ ወደ ሜዳ እንደማታይ የማያውቅ የለም። እነሱ ግን ያዩ ነበር።"

አቅፎት ታክሲው ውስጥ ገባ። እትዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ራሳቸውን አወጡ።

"ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በልልኝ! አደራ!"

"እሺ እትዬ" አለ ባለቤቴ።

የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይዞ መጣ። የእትዬን ምስጋና ለሕዝቡ ማድረሱ ይቅርብህ አልኩት። ያላግጥብናል ብለው ጠርሙስ ቢወረውሩብህስ አልኩት። ዝም ብለህ የደስ ደስ ያለው ዘፈን አውጣና ይርሱት አልኩት።

"አደራ ብለውኛል" አለኝ።

እሁድ አብሬው ሄድኩ። ብረቱ ላይ ወጣ፣ እጁን አነሳ። ያ ሁሉ ሰው ዘፈን ሊቀበል ብድግ አለ። እጁን አወረደ፤ ቁጭ አሉ። በዚያ በጡሩምባ ድምፁ፣ ሳይዘፍን፣ እንዲህ አላቸው፦

"የመቀርቀሪያው እናት፣ ልጄ ሲወድቅ ስለዘፈናችሁለት እግዜር ይስጥልኝ ብለዋችኋል። አድርስ ስላሉኝ አድርሻለሁ።"

ከላይኛው ረድፍ ጠርሙስ አልተወረወረም፣ የሳቀም የለም። ባለ ሉካንዳው የሚናገር መስሎ ተነሣና ሳይናገር ተቀመጠ። ጨዋታው ሲጀመር ከመቀመጫችን ሆነን ኳሷ ስትመታ ድምጿ ይሰማን ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልዘፈነም፣ ባለቤቴም ዝፈኑ አላላቸውም።