ልጇን ተከትላ ውሃ የገባችው ካሲልዳ

ካሲልዳ ቱስ ሃምሳ ሊሞላት ሲል ነው ውሃ ውስጥ መተንፈስ እማራለሁ ብላ የተነሣችው። መንደራችን ከቱሉም ወደ ኮባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ወንዝ የለንም፤ ውሃችን ከድንጋዩ ሥር ነው፤ ድንጋዩ በተደረመሰበት ብቻ ብቅ ይላል። ያንን ጉድጓድ ሴኖቴ እንለዋለን። የካሲልዳ ቤት ያሽ ቱን የተባለው ሴኖቴ አፍ ላይ ነው። ዕድሜ ልኳን ውሃ ቀድታበታለች፤ ከጉልበቷ በላይ ግን ገብታበት አታውቅም።

ልጇ ኔልሚ በዚያው ጉድጓድ ጎን ባለው፣ ውሃ በሞላው ጨለማ ዋሻ እንግዶች እየመራች የምትጠልቅ ሆነች። እሷ ስትገባ ካሲልዳ የገመድ አልጋ እየሠራች ዳር ላይ ትቀመጣለች። ዓይኗ ከአረፋው አይነቀልም፤ አረፋው ካለ ልጇ አለች። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ግን አረፋው ይጠፋል። ያኔ እጇ ክሩን ይስታል፤ የሠራችውን መልሳ ትፈታለች። ኔልሚ ብቅ ስትል ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ "በላሽ?" ትላታለች።

አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች፣ "እኔም እማራለሁ" አለች።

ባሏ ናሳሪዮ የጎረሰው ቶርቲላ፣ የበቆሎው ቂጣ፣ ትን አለው። "ምኑን? ዋና እንኳ ሳትችይ! በዚህ ዕድሜሽ ዓሣ ልትሆኚ ነው?"

"አንተማ በቆሎህ ውስጥ ተደብቀህ ትውላለህ። ዳር ላይ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ። የምትገባበትን ልየው።"

ኔልሚ ሳቀች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። "እማ፣ እኔ አላስተምርሽም። አንቺን እዚያ ውስጥ እያየሁ ጭንቅላቴ አይሠራም። ዶን አንሴልሞ ያስተምርሽ።"

አንሴልሞ ኮኮም ኔልሚንም ያስተማረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ክረምቱን ሙሉ ዋና ብቻ አስተማራት። ከዚያ፣ "ወገብዎ እንዴት ነው ዶኛ ካሲልዳ?" አላት።

"ባልዲ ሲጎትት ኖሮ ምን ወገብ ቀረው ብለው ነው!"

"እንግዲያው ጀርባዎ ላይ ምንም አንጭንም።" ሁለቱን የአየር ሲሊንደሮች ውሃው ውስጥ አወረደና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ አጋድሞ አያያዘላት። "የየራሳቸው መተንፈሻ፣ የየራሳቸው መክፈቻ አላቸው። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው አለ። የቱ የቱ እንደሆነ ግን እጅዎ ይወቀው። እዚያ ውስጥ ዓይን አይታመንም።"

እጇ ግን አላወቀውም። ወደ ውሃው ከሚያወርደው መሰላል ሥር ተንበርክካ ሳለች፣ አንሴልሞ ከቀኙ እየተነፈሰች የግራውን እንድትዘጋ ምልክት ሰጣት። የቀኙን ዘጋችው። አየር ስትስብ ምንም የለም። እንደገና ሳበች፤ ምንም። የግራው መተንፈሻ አንገቷ ላይ ታስሮ አገጯን እየነካት ነበር፤ ትዝ አላላትም። ድንጋዩ ደረቷ ላይ የወደቀ መሰላት፤ ተፈናጥራ ወጣች፤ ውሃ ተፋች፤ ልብሷን ቀይራ ሳትሰናበት ሄደች።

ብዙ ቀን አልተመለሰችም። ናሳሪዮ እንኳ መቀለዱን ተወ። ቀኝ እጇ ሳታስበው ብብቷ ሥር እየሄደ የሌለ መክፈቻ ሲፈልግ ታገኘዋለች። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ያ ባዶ ትንፋሽ ይመጣና ያባንናታል።

ኔልሚ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። "ዶን አንሴልሞ ነገረኝ።"

"ተሳሳትኩ። ልሞት ነው አልኩ። አንቺ አትፈሪም እንዴ?"

"ሁልጊዜ እፈራለሁ እማ። አልፈራም ያልኩሽ ቀን በሩን ቆልፊብኝ።"

ካሲልዳ ይህን ሰምታ አለመጽናናቷ አይገርምም፤ እንዲያውም ባሰባት። ቢሆንም በማግስቱ ተመልሳ መሰላሉ ሥር ተንበረከከች። ዝጊ፣ ክፈቺ፣ ቀይሪ፤ ዝጊ፣ ክፈቺ፣ ቀይሪ። ዓይኗን ጨፍና፣ ቆዳዋ እስኪጨማደድ ድረስ።

አንሴልሞ ልምምዱ በቃ ባለ ቀን ሦስቱም ወደ ዋሻው ገቡ፤ እሱ ከፊት፣ ካሲልዳ መሐል፣ ኔልሚ ከኋላ። ከመጀመሪያው ትልቅ ክፍል አያልፉም፤ እዚያ ሆነው የመግቢያው ብርሃን ገና ይታያል። ካሲልዳ ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች እያየች አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። መውጫውን በየጊዜው ዘወር ብላ ታያለች።

በድንገት ቀኝ ብብቷ ሥር አንድ ነገር ፈነዳ። የሲሊንደሩን አፍ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ተበጥሶ ነው። አየሩ እያገሳ ወጣ፤ አረፋው ፊቷን ሸፈነው፤ ብርሃኑም ጠፋ። እጇ ግን ሳታስበው ሄደ። የግራውን መተንፈሻ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ቀኙን መክፈቻ ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ግሳቱ ቆመ። ሳበች፤ አየር አለ።

አረፋው ሲገለጥ ከፊቷ ያየችው ኔልሚን ነው። የልጅቷ ዓይኖች መነጽሩ ውስጥ ፈጠዋል፤ የራሷን መተንፈሻ ከአፏ አውጥታ ለእናቷ ዘርግታለች፤ በሌላው እጇ የእናቷን ማንገቻ አንቃ ይዛ ትጎትታለች። ካሲልዳ የልጇን እጅ ያዘች፤ መተንፈሻውን ወደ ልጅቷ አፍ መለሰችላት፤ ደህና ነኝ የሚለውን ምልክት አሳየቻት። አንሴልሞ መጥቶ ሁለቱን አየና እንውጣ ሲል አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። ከመግቢያው ጀምሮ የተዘረጋውን ገመድ ይዘው ወጡ።

ኔልሚ ከመሰላሉ በላይ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። "አትገቢም! ከእንግዲህ እግርሽ እዚህ ውሃ አይነካም! የሆነ ነገር ብትሆኚስ? አረፋው ሲሸፍንሽ እኮ አላየሁሽም..."

ካሲልዳ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ አጠገቧ ተቀመጠች። "አላየሁሽም አልሽ?"

"አላየሁሽም!"

"ታዲያ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ሳይ የኖርኩ መሰለሽ?"

አንሴልሞ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሲሊንደሮቹን ያወጣ ጀመር።

ማንም ማንንም አልከለከለም። ኔልሚ አሁንም እንግዶች ይዛ ትገባለች፤ ከመግባቷ በፊት ግን እስከየት እንደምትሄድ ለእናቷ ነግራ ነው። ካሲልዳም አልፎ አልፎ ከአንሴልሞ ጋር እስከዚያ ክፍል ትደርሳለች። እናቷ በምትገባበት ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አረፋ የምትቆጥረው ኔልሚ ናት። ፍርሃቱ ለቀቃችሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ አልለቀቀንም ይሏችኋል።