የወፍ በሽታ ይዞኝ ቤተ ልሔም የሄድሁበት መንገድ

ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የወጣሁት ሞትን ፈርቼ ነው። ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ እህል ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ሰፈሩ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ጋይንት ቤተ ልሔም እሱን በጋለ ብረት የሚተኩሱ መርጌታ አሉ ተባለና አጎቴ አያ ደሴ በበቅሎው አስቀምጦኝ ወጣን። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስማር ወፍ ሰው እንዴት እንደምታሳምም ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ልጠይቅ አልሁ።

ስማዳ

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትንሸራተት፣ ገደሉን ላለማየት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲመሻሽ ማደሪያ የለመንናት ሴት ፊቴን አየችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ምን ወፍ ለከፈህ ልጄ?»

«ስሟን ሳትነግረኝ በረረች!»

«አትቀልድ። የሌሊት ወፍ ናት፤ ከጣራ ስትሸናብህ ነው የሚይዝህ። ባሌን በሳምንቱ ቀበርሁት።»

ከበረቱ አጠገብ ቁርበት ጣለችልን፤ በዕቃዋ ግን ውሃ አልሰጠችንም። አያ ደሴ ደሙ ፈላ። ከኮርቻው ቅሉን ፈትቶ በሶ በጠበጠና አጠጣኝ፤ የተረፈኝን እሷው ፊት ጭልጥ አደረገው።

«የእህቴን ልጅ አልጸየፍም!» አላት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሁሉ በዚያው ቅል ጠጣን።

ቤተ ልሔም

መርጌታው ደጃቸው ላይ ብረት ያግላሉ። ብረቱን ለማዘግየት ጠየቅሁ።

«መርጌታ፣ ለምን የወፍ ተባለ?»

«አባቴ የሌሊት ወፍ ናት ይሉ ነበር። ቆላ ያሉት ደግሞ ቢጫ ወፍ በራስህ ላይ ስታልፍ መልኳን ትጥልብሃለች ይላሉ።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«ስሙን እኔ አላወጣሁለት። ክንድህን ወዲህ በል።»

«የማያውቁትን ነው እንዴ የሚተኩሱኝ?»

«ያዘው!» አሉት አያ ደሴን። የገዛ ሥጋዬ ሲቃጠል ሸተተኝ።

እስቴ

አገሬ ስገባ ዓይኔ መንጣት ጀምሯል። ብረቱ ይሁን ጊዜው ያዳነኝ፣ አላውቅም። ወር ሳይሞላ ግን አያ ደሴ ምሳ እምቢ አለ። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ዓይኑን አየሁት። እርድ።

«እኔንስ ምን ወፍ ለከፈኝ?» አለኝ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያንን ቅል አየሁት። በዚያ ሁሉ መንገድ ወፍ አላለፈብንም። ከአፌ ወደ አፉ ያለፈው ቅሉ ነው። ያችን የስማዳ ሴት ስረግማት ነበር የከረምሁት፤ ለካስ የፈራችው ልክ ነበር።

ብረቱን አልደግምም፤ ደብረ ታቦር፣ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው። በቅሎዋን ጫንሁ። ኮርቻው ላይ ሁለት ቅል አሰርሁ።