አስማረ መኪናውን ያዘፈነበት ሰሞን

አስማረን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ ባያዩት እንኳ ይሰሙታል። ጎረቤቴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ይሠራል። ክፉ ልጅ ነው አልልም፤ ክፉ ለመሆንም ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል።

እግረኛ ሳለ ደህና ሰው ነበር። ማርያማዊት የምትባል ነርስ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። ከሥራ ስትወጣ ጠብቆ እስከ ግቢው በር ድረስ ይሸኛት ነበር። ስለ በሽተኞቿ፣ ስለ አባቷ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ስላለው ቤታቸው ስታወራለት አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣታል። የወደደችው ያኔ ነው። አልፈርድባትም፤ ያኔ እኔም ወድጄው ነበር።

ከዚያ መኪና ገዛ። አሮጌ ቶዮታ ናት። ስትገዛ ራዲዮ ነበራት፤ ለሰው ልጅ የሚበቃ ራዲዮ። ለአስማረ ግን አልበቃውም። ጎንደር ውስጥ ያለ ባለታክሲ ሁሉ ጥፍር በምታክል ፍላሽ ዘፈኑን ሞልቶ ይነዳል። ይህን ብነግረው እንደ ማይም አየኝ።

«ጋሼ ፊልጶስ፣ ፍላሽ እኮ የልጆች ነው። እኔ የማስገባው ሃርድ ዲስክ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ዘፈን ይይዛል!»

አሥራ ሁለት ሺህ ዘፈን መቼ ሰምተህ ልትጨርስ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ቁም ነገሩ መኖሩ እንጂ መስማቱ አይደለም አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ከመጨረሻው ወንበር እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጣና አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ደጃፌ ላይ ያችን ምስኪን መኪና ገነጣጠሏት። ዳሽቦርዱ ወለቀ፣ ወንበሮቹ ኮብልስቶኑ ላይ ተደረደሩ፣ ሽቦው እንደ ዶሮ አንጀት ተዘረገፈ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ለስፒከሮቹ ተለቀቀ። ስኮርታ ጎማዋን የት እናድርጋት ሲባል «ቤት ትቀመጥ» አለ አስማረ፤ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ በዘፈን ሊነፋው ይሆናል። ዲስኩ ያለበት ሳጥን ከፊት ወንበር ሥር ገባ። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ መናወጥ አይወድም፣ ስፖንጅ ላይ ይቀመጥ ብሎ ሠራተኛው አስጠነቀቀው። አስማረም የሚተኛበትን ትራስ ቀዶ አነጠፈለት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማርያማዊት በዚያች መኪና ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰች አይመስለኝም። አፏን ስትከፍት ጣቱን ያነሳል፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ ስሚ!» ይላል። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ወደ ሌላው ይዘላል። ደጃፌ ላይ ስትወርድ ፊቷ ጠቁሮ ነው።

ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ እሺ ያልኩት ለእሱ ብዬ አይደለም። እሷ መጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ ካሉበት አባቴ ያምናል» ብላ ስለለመነችኝ ነው። ሦስት ሆነን፣ እኔ፣ አጎቱ አያ መለሰና የንስሐ አባቱ፣ ሁለት ጊዜ በሚኒባስ ትክል ድንጋይ ሄደን ቀጠሮ እየተሰጠን ተመለስን። ሦስተኛው ቁርጡ የሚታወቅበት ነበር።

ሚስት ጠያቂ ሰው ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌዎቹን እየነዳ አይሄድም። ይህን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። አስማረ ግን መኪናው ከተዘጋጀች በኋላ በሚኒባስ መሄድ ውርደት ነው አለ። ሌላ ሹፌር ይንዳት ብንለው ደግሞ «ዲስኩን ያናውጥብኛል!» ብሎ ጮኸ። የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ ቢቆጡት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ስንሄድ የኋላው ወንበር ለስፒከር ተብሎ ወደ ፊት ስለተገፋ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። ከአስፋልቱ ወጥተን የማርያማዊት ቤት አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ስንታጠፍ መንገዱ ጠጠር ሆነ፤ አስማረ መኪናዋን አቁሞ ወደ አያ መለሰ ዞረ።

«አጎቴ፣ ጋቢዎን ይስጡኝማ።»

«ምነው፣ በረደህ?»

«ለዲስኩ ነው።»

አያ መለሰ በባዕድ ቤት ሊቆሙበት የለበሱትን ንጹሕ ጋቢ አስማረ አጣጥፎ ከሳጥኑ ሥር ሰገሰገው። ሽማግሌው በሸሚዝ ቀሩ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ለማርያማዊት ስል ዋጥኩት። በሩ ላይ ስንደርስ አጥፍተህ ድምፅህን ሳታሰማ ተቀመጥ አልነው፤ እሺ አለ።

አባቷ መሪጌታ ኪዳነወልድ የዜማ መምህር ናቸው። ቤቱ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ መሶቡ ተሸፍኖ ይጠብቀናል። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስምና ቆምን። አያ መለሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ለሦስተኛ ጊዜ…» ሲሉ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ውጭ የሠርግ ዘፈን ተለቀቀ፤ ግማሽ ሳይደርስ ደግሞ ወደ ሌላ ዘለለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መሪጌታ ጆሯቸውን ወደ ደጅ ጣል አደረጉ። «ማን ነው?»

«ልጁ ነው» አልኩ።

«ጠያቂው ራሱ?»

ለዕለቱ ብላ ቀድማን የመጣችው ማርያማዊት ከጓዳው በር ቆማ ዓይኖቿን አባቷ ላይ ተክላለች። አይተዋት ፊታቸው ለስለስ አለ።

«ሀብቱን አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ሰው ይሰማል?»

«ይሰማል እንጂ! ሸጋ ልጅ ነው፤ ምነው ይጠራጠራሉ?» አሉ አያ መለሰ። ይህን ለማለት ግን መጮኽ ነበረባቸው።

መሪጌታ «እንግዲህ የእሷ ፈቃድ ከሆነ ይኩን፣ ይሁን» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ነገር ዘግቶ ይግባ በይው። ደጅ አይቅር።»

ፊቷ እንዴት እንደበራ! ነጠላዋን እያስተካከለች ሮጣ ወጣች። ያ ሰው ሌላ ጉድ እንዳያመጣ እኔም ተከተልኳት።

አስማረ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጥርሱን ብልጭ አደረገላት። «ስሚው! ስሚው! ከትክል ድንጋይ እስከ ጎንደር የሚሰማ ነው!»

«አባቴ ፈቀደ» አለችው። «ዝጋውና ግባ።»

«ምን?»

«ፈቀደ እኮ! ግባ!»

«ቆይ፣ አሁን ይመጣል፣ ጥሩው ቦታ አሁን ነው የሚመጣው!» ብሎ ጭራሽ ጨመረው።

እጄን ላስገባና ላጠፋው ተጠጋሁ፤ ማርያማዊት ክንዴን ያዘችኝ። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ አጠገቧ ስለቆምኩ ብቻ በሰማሁት ቃል ጠየቀችው።

«አስማረ፣ ነገሩ ይቅር ልበላቸው?»

«አዎ! አዎ!» አላት ራሱን በምቱ እየነቀነቀ። «ቀጣዩ ደግሞ ይበልጣል!»

ጥቂት ቆማ አየችው። እንደዚያ ያለ አተያይ በሽተኛዋን ያጣች ነርስ ፊት ላይ ብቻ ይኖር ይሆናል። «እሺ» አለችና ተመለሰች። አዘንኩላት፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ኮራሁባት።

ቤት ገብታ አባቷ ፊት ቆመች። «ጠየቅሁት፤ ነገሩ ይቅር ብሏል።»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኛን አዩ። መሶቡ እንደተሸፈነ ወጣን።

አስማረ ሦስታችንንም አቀርቅረን ሲያየን ነው ያጠፋው። ያኔ ብቻ! «ምን አሉ?» አለ።

«እምቢ ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። የጠየቀችውንና የመለሰላትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ፊቱ አመድ ሆነ፤ በሩን በርግዶ ወጥቶ ወደ ግቢው ሮጠ። ማርያማዊት የውጩን በር ልትዘጋ እዚያው ቆማ ነበር።

«አልሰማሁሽም እኮ ማርያማዊት! በእግዜር፣ አልሰማሁሽም!»

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔ ግን ገና የምነግርህ ብዙ ነገር ነበረኝ።»

በሩን ዘጋችው።