የሸምሳ ማዕድ ከፋዲል በኋላ

ሸምሳና ባሏ ፋዲል ነገሌ ቦረና ገበያ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ፋዲል ያደገው ገጠር፣ በወተትና በበቆሎ ንፍሮ ነው። ሱቅ መቀመጥ ሲጀምር ግን የቤታቸው ምግብ ከመደርደሪያው የሚወርደው ሆነ፤ ጠዋት ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ፣ ቀን ፓስታ፣ ማታ ሩዝ። ሰውነቱ ሲሞላ ጎረቤት ተመችቶታል አለ። ሸምሳም ደስ አላት፤ ባል ሲወፍር የሚመሰገነው የሚስት እጅ ነውና።

በ2004 ዓ.ም. እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። ለካ የስኳር በሽታ ሳይታወቅበት ዓመታት ቆይቷል። እግሩ ተቆረጠ፤ ቤት ውስጥ በምርኩዝ ጥቂት ጊዜ ሄዶ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያው ጭር ሲል፣ ሸምሳ ከጓዳ የምርኩዙን ድምፅ ትሰማለች። ቋ ይላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ቋ ይላል። ምርኩዙን ግን ለሌላ በሽተኛ ሰጥታዋለች። ልጇ ካውሰር ይህን ከእናቷ ስትሰማ ደንግጣ ቤቱ ውስጥ ቁርኣን አስቀራች። ድምፁ ጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ።

ቆይቶ እሷንም የውኃ ጥም ያንገበግባት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ያው በሽታ ተገኘባት። ነርሷ ኢቢሴ የምትበላውን ጠየቀቻትና አስረዳቻት፤ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቶሎ ደም ውስጥ ገብተው ቶሎ ያስርባሉ፣ ሰውም ደጋግሞ እየበላ ይወፍራል፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ያልተነፋ የገብስና የማሽላ ዱቄት ግን ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ያቆያሉ።

«አዴ ሸምሳ፣ እህል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከሁሉም አይሽሹ» አለቻት።

«ታዲያ ፋዲልን እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ኢቢሴ ብዕሯን አስቀመጠች። «በሽታው በአንድ ነገር ብቻ አይመጣም። ደግሞ አንቱ አላወቁም ነበር።»

ሸምሳን ይህ አላጽናናትም። መድኃኒቷን እየወሰደች ማዕዷን ወደ ማሽላና ወደ ጥራጥሬ መለሰች። በዓመቱ ቀሚሷ ሰፋት፤ ስኳሯም ወረደ። ነጭ ዱቄት መሸጥ ግን አልተወችም፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ስትሰፍር የገዢውን እግር ታያለች።

ባለፈው ረመዳን ካውሰር ባሏን ዓብዱልሀኪምን ይዛ ከያቤሎ መጣች። ሸምሳ አማቿ በማፍጠሪያ ላይ ብርጭቆ በብርጭቆ ለስላሳ ሲጠጣ አየች። ከዒድ በኋላ እንዲመረመር ለመነችው፤ እሷን ለማስደሰት ብሎ ሄደ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ገና በጊዜ ነው፣ አመጋገቡን ካስተካከለ ሊመለስ ይችላል ተባለ።

ካውሰር አለቀሰች። ሸምሳ ሱቁን ዘግታ ፋዲል እስከተቀበረበት ድረስ በእግሯ ሄደች። የመቃብሩ አጥር ጋ ደርሳ ቆመች፤ «አንተንም እንዲህ በጊዜ ባስመረምርህ ኖሮ» አለችው።